ከጣርማበር ቁልቁል ለሚነዳ ሰው፦ በዝናብ የሚይዝ ጎማ ይቅደም ወይስ ነዳጅ የሚቆጥብ?

ጥያቄውን ለውይይት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ በዝተው አዲስ ለሚገባ አንባቢ ለመከታተል አስቸጋሪ ስለሆኑ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየተከተልኩ፣ በየቦታው የራሴንም አስተያየት እያከልኩ እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

የመነሻው መልእክት የሚከተለው ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሥራ ምክንያት እመላለሳለሁ፤ የምነዳውም ያሪስ የምትባለው የቶዮታ የቤት መኪና ነው። ክረምቱ ሳይገባ አራቱንም ጎማ ለመቀየር አስቤ ሁለት ጎማ ቤቶችን ብጠይቅ የሚቃረን ምክር ሰጡኝ። አንደኛው ነዳጅ የሚቆጥብ ጎማ ላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ በዝናብ ይንሸራተታል ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ እርጥብ መንገድ የሚይዝ ጎማ ለስላሳ ስለሆነ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል አለኝ። ሁለቱን ጠባይ በአንድ ጎማ ማግኘት አይቻልም በሚለው ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። መንገዱን ለማያውቁ፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉትና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በክረምት ይህ ቁልቁለት ዝናብና ጉም አይለየውም፤ ከዋሻው ደረቅ መንገድ ወጥቶ ወዲያው እርጥብ ኩርባ ላይ መግባትም የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ የጠየቅሁት፣ የሁለቱ ጎማ ቤቶች አባባል እውነት መሆኑንና እውነት ከሆነ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባኝ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ሰላምታ የሞላበትና አጭር ነበር። ጸሐፊው የጎማውን ልክ ሳያውቅ ማንም ሊመክረኝ እንደማይችል ገልጸው፣ በጎኑ የተጻፈውን እንዳሰፍር ጠየቁኝ። 175/65 አር 14፣ 82 ቲ መሆኑን ስነግራቸው ለማያውቅ ሰው በሚጠቅም መንገድ ተነተኑት፦ 175 በሚሊ ሜትር የተለካ ስፋት ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ያሳያል፤ አር ራዲያል ማለት ሲሆን 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 82 አንዱ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር እንደሚፈቀድለት ይናገራል። በዚያው ልክ የተሠሩ ሁለት ጎማዎች በዝናብ ላይ ፍጹም የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው እንደሚችልና ልኩ ስለዚያ ምንም እንደማይናገር አስጠንቅቀው ተሰናበቱ።

ሁለተኛውን የጻፉት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለረጅም ጊዜ በጎሚስታነት የሠሩ ሰው ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል ደንበኛ ጎማ ሲመርጥ የሚጠይቀው ስንት ዓመት እንደሚቆይለት ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ በስንት ሜትር ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አላጋጠማቸውም። ዕድሜው ረጅም ነው ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ጎማ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ የደረቀ ስለሆነ መሬቱን እንደማይጨብጥ ከእጃቸው ሥራ እንደሚያውቁ ጽፈዋል። በተጨማሪም የተመረተበትን ጊዜ የሚያሳዩትን አራት አኃዞች ሳያነብ ማንም ገንዘብ እንዳይከፍል አሳስበዋል። 2319 የሚል ካለበት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱ በገባ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ እንኳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየመታው ዓመታት ከቆየ ላስቲኩ ይጠነክራል። ለጎማ ገዢ ከዚህ የበለጠ በቶሎ ሥራ ላይ የሚውል ምክር በዚህ ውይይት ውስጥ አላየሁም።

በሦስተኛው መልስ ነገሩ ወደ መለኪያ ተሸጋገረ። ጸሐፊዋ፣ የመኪና ዕቃ አስመጪ ዘንድ የምትሠራ እኅት፣ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ ጎማ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መለያ ወረቀት እንደሚለጠፍበትና ሕጉ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከግንቦት (ሜይ) 2021 ወዲህ ደረጃዎቹ ከኤ እስከ ኢ አምስት ብቻ እንደሆኑ አስረዳች። በወረቀቱ ላይ የነዳጅ ቁጠባና በእርጥብ መንገድ የመያዝ አቅም ለየብቻቸው ፊደል ይሰጣቸዋል፤ የድምፁም መጠን ይጻፋል። በእርጥብ መንገድ ላይ የሚሰጠው ፊደል ጎማው ከአንድ የማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ተወዳድሮ ከሚያገኘው ቁጥር የመጣ ነው፤ ለቤት መኪና ጎማ ኤ ለመባል 1.55ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ 1.09ና ከዚያ በታች ያገኘ ደግሞ ኢ ይባላል። ይህን ወደ መንገድ ስትመልሰው፣ ኤ የሆነው ጎማ በ30 ሜትር በሚቆምበት ፍጥነት ኢ የሆነው ከ42 ሜትር በላይ ይፈልጋል አለች። ሂሳቡን አየሁት፤ ትክክል ነው። የአሥራ ሁለት ሜትር ልዩነት ደብረ ሲና አጠገብ ባሉት ኩርባዎች ላይ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

አራተኛው ጸሐፊ የጨዋነቱን ድምፅ ለወጡት። የአውሮፓ ወረቀት ለአውሮፓ መንገድ የተሠራ የገበያ ማስታወቂያ ነው፣ እኛ የምንነዳው ጠጠር በተበተነበት፣ ጠርዙ በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ነው፣ ፊደል አንብቦ ጎማ የሚገዛ ሰው ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ላይ አንድ ቀን ይነዳና እናየዋለን ብለው ጻፉ። አምስተኛው መልስ ለእርሳቸው የተሰጠ ነበር፤ አክብሮቱን ሳይለቅ ነጥብ በነጥብ ያርማል። ፈተናው የሚደረገው እርጥብ አስፋልት ላይ ነው፤ ጣርማበርም በሐምሌ እርጥብ አስፋልት ነው፤ ውኃና ላስቲክ አገር አይለዩም። ይሁንና ወረቀቱ የሚናገረው ስለ አዲስ ጎማ ብቻ መሆኑን፣ ጥርሱ ግማሽ ካለቀ በኋላ እንዴት እንደሚይዝም ሆነ ጎኑ የድንጋይ ጠርዝ ሲመታው እንዴት እንደሚቋቋም እንደማይናገር አምነዋል። በእኔ እምነት አራተኛው ጸሐፊ ቢቆጡም ያነሱት የጎን ጥንካሬ ጉዳይ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ያ በዝናብ ስለ መያዝ የቀረበውን ማስረጃ አይሽረውም።

የውይይቱ ትልቁ መልስ ስድስተኛው ነው። ጸሐፊው ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሁለቱ ጎማ ቤቶች የተስማሙበት አባባል ከየት እንደመጣና ለምን ግማሹ ብቻ እውነት እንደሆነ በትዕግሥት አብራርተዋል። ጎማ ሲሽከረከር መሬት የሚነካው ክፍሉ ይጨመቃል፤ ከመሬት ሲለቅ ተመልሶ ይዘረጋል፤ በዚህ መካከል ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። የሚጠፋው ጉልበት ከነዳጁ የተወሰደ ነው። በሌላ በኩል ጎማው እርጥብ አስፋልት የሚይዘውም ላስቲኩ በድንጋዩ ጥቃቅን ሸካራነት ላይ እየተጨመቀና እየተዘረጋ ጉልበት ሲያጠፋ ነው። ስለዚህ በድሮው ጎማ ጉልበት የማያጠፋ ላስቲክ ነዳጅ ቢቆጥብም ይንሸራተታል፤ ጉልበት የሚያጠፋው ደግሞ ቢይዝም ነዳጅ ይበላል። ጎማ ቤቶቹ የያዙት ይህን ነው።

ነገር ግን የሁለቱ መጨመቅ ፍጥነት አንድ አይደለም አሉ መምህሩ። ጎማው ሲሽከረከር አንዱ ቦታ የሚጨመቀው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ነው፤ በአስፋልቱ ሸካራነት ላይ ያለው መጨመቅ ግን በሰከንድ ሺዎችና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በዝግታው ጊዜ ጉልበት የማያጠፋ፣ በፍጥነቱ ጊዜ ግን የሚያጠፋ ላስቲክ ከተገኘ ሁለቱም ጥቅም በአንድ ላይ ይገኛል። ለዚህ መንገድ የከፈተው ላስቲኩን ለማጠንከር በሚጨመረው የጥላሸት ዱቄት፣ ማለትም በካርቦን ብላክ፣ ቦታ አብዛኛውን ከአሸዋ በሚሠራ ሲሊካ በሚባል ነጭ ዱቄት መተካቱ ነው፤ ሲሊካው ከላስቲኩ ጋር እንዲጣበቅም ሳይሌን የሚባል አገናኝ ውሕድ ይጨመርበታል። ሚሽለን በዚህ ዘዴ የተሠራ የቤት መኪና ጎማ ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ዛሬ ዘዴው በታወቁት አምራቾች ሁሉ ዘንድ የተለመደ ነው። መምህሩ ሲቋጩ፣ ዋጋው የሚከፈልበት ሦስተኛ ጠባይ እንዳለ፣ እርሱም የጎማው ቶሎ አለማለቅ እንደሆነ፣ ሦስቱንም በአንድ ላይ ከፍ ማድረግ የአምራቾቹ ሁሉ ፈተና እንደሆነ አክለዋል። ርካሹ ጎማ ነዳጅ የሚቆጥበው ላስቲኩን በማድረቅ ብቻ ከሆነ የጎማ ቤቱ አባባል በእርሱ ላይ እውነት ነው፤ በሲሊካ በተሠራው ላይ ግን አይደለም።

በዚህ ላይ ሰባተኛው ጸሐፊ አንድ ወሳኝ ጥያቄ አነሱ፤ ለመሆኑ የሚቆጠበው ነዳጅ ስንት ነው? ከዚያም ራሳቸው አሰሉት። በነዳጅ ቁጠባ ዲ ከሆነ ጎማ ወደ ቢ መሄድ ለእያንዳንዱ ቶን ክብደት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል የመሽከርከር ተቃውሞ ይቀንሳል። መኪናው ከነጭነቱ 1,200 ኪሎ ግራም ቢሆን የሚቀነሰው ሦስት ኪሎ ያህል ግፊት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ካለው ጉልበት መንኰራኩሩ ላይ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ እንደሆነ ቢያዝ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚተርፈው ከሊትር ሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ያንኑ መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ድረስ ሽቅብ 1,800 ሜትር ለማውጣት ብቻ ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ እንደሚያስፈልግ፣ ያን ደግሞ የትኛውም ጎማ ሊቀንሰው እንደማይችል በማሳየት ጉዳዩን በልኩ አስቀመጡት። እንዲህ ያለውን መልስ እወዳለሁ፤ ቁጥሩን ሳያጋንን ለአንባቢው ያስረክባል።

ስምንተኛው መልስ ከደብረ ብርሃን አጣዬ ዶልፊን ሚኒባስ የሚነዳ ሰው የጻፈው ሲሆን ቁጣ ነበረበት። ሲሶ ሊትር ለደመወዝተኛ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ በየቀኑ ለሚመላለስና ከነዳጅ የተረፈውን ይዞ ለሚገባ ሰው ግን የልጆች ዳቦ ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ሲሊካ ማውራት ቀላል ነው ብሏል። ዘጠነኛዋ መላሽ ከእርሱ የባሰ ቃል ተናገረች፤ ሰው ጭኖ የሚነዳ ሰው ስለ ነዳጅ ሲያስብ ከኋላው ያሉትን ነፍሶች መርሳት የለበትም፣ እርሷ ራሷ በነሐሴ ጉም ውስጥ ከደብረ ሲና በላይ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ፍሬን ተይዞም እየተንሸራተተ አንድ የቆመ የጭነት መኪና ለመግጨት ጥቂት ሲቀረው ሲቆም አይታለች፣ ጎማዎቹንም ወርዳ ስታያቸው ጥርስ አልነበራቸውም ብላለች። አሥረኛው መላሽ በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው የሚታወቅ ሲሆን፣ ልጄ፣ እኅቴ እያሉ ሁለቱንም አረጋጓቸውና ሾፌሩ የሚመልሰው ካለው በእርጋታ እንዲመልስ ለመኑት።

ሾፌሩም መለሰ፤ በእኔ ግምት ከውይይቱ ምርጥ መልሶች አንዱ ይህ አሥራ አንደኛው ነው። ለእኅታችን ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን አግሎ እንደሚያዳክመው፣ ከዋሻው ሳይወጣ በፊት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ መውረድ መጀመር እንደሚገባ፣ ነገር ግን እርጥብ ኩርባ ላይ ከገቡ በኋላ ማርሽ በድንገት ዝቅ ማድረግ ሞተሩ የሚያሽከረክረውን ጎማ ሊያንሸራትተው እንደሚችል አስረዳ። በበልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘንብ ደግሞ በበጋው የተከማቸው አቧራና የፈሰሰ ዘይት ከውኃው ጋር ተደባልቆ መንገዱን እንደሚቀባው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከከባድ ዝናብ ይልቅ እንደሚያስፈሩት ጨመረ። መምህሩ በስድስተኛው መልስ ያስረዱትን ይህ ሰው በእጁና በእግሩ ያውቀዋል።

አሥራ ሁለተኛው መላሽ ከጉዳዩ በጥቂቱ ወጡ። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ስለሆነች ለበረዶ አገር የተሠራ ጎማ አይሻልም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ከውጭ አገልግሎ የመጣ፣ በጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተቀረጸበት ጎማ በቅናሽ ዋጋ አግኝተው ነበር። አሥራ ሦስተኛው መልስ እንዳይገዙት መከራቸው። የሙቀት ጊዜ ጎማ ላስቲኩ የሚጠነክረውና ለበረዶ የተሠራው ብልጫ ማሳየት የሚጀምረው የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ የሌሊትና የማለዳ ነገር ነው፤ ፀሐይ ወጣ ስትል ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል፤ ዝናቡ በሚበረታበት ክረምትም ቀኑ ከ7 ዲግሪ በታች አይውልም። ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ ያ ለስላሳ ጎማ በሙቀቱ ላይ ቶሎ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝም የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ለሙቀት ጊዜ የተሠራ፣ በዝናብ ፈተና ከፍ ያለ ደረጃ ያገኘ ጎማ ነው። በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ቅናሹ ሰውን እንዳያታልል።

ከአሥራ አራተኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ያሉት መልሶች አንድ ክርክር ናቸው፤ ክርክሩም ከሁሉ የከረረው ነበር። አንድ ሰው አራት ጎማ መግዛት ባይችልና ሁለት ብቻ ቢገዛ የት ይግጠማቸው? አሥራ አራተኛው ጸሐፊ ምንም ሳይጠራጠሩ ከፊት አሉ፤ መሪውም፣ የሞተሩ ጉልበትም፣ የፍሬኑ አብዛኛው ሥራም ከፊት ስለሆነ። አሥራ አምስተኛው ከኋላ መሆን እንዳለበት ሲጽፉ፣ አሥራ አራተኛው መልሰው በአሥራ ስድስተኛው፣ መኪና የማይነዳ ሰው ስለ መኪና እንዳይጽፍ የሚል፣ ለዚህ ቦታ የማይመጥን ቃል ወረወሩ። አሥራ ሰባተኛውን የጻፉት ጎሚስታው ነበሩ፤ ሙግቱን በማስረጃ ዘጉት። በውኃ ላይ የፊት ጎማ ሲከዳ መኪናው መታጠፍ እምቢ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሾፌሩ ነዳጁን ለቆ ፍጥነቱን ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ይመለስለታል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ዞሮ አፍንጫውን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ያን በቅጽበት አርሞ የሚያወጣ ሾፌር ጥቂት ነው። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል የኋላው ጎማ ይቀላል፤ ስለዚህ ለጣርማበር ይህ ምክር ይበልጥ ይሠራል። ታላላቆቹ አምራቾችም የሚመክሩት ጥርሱ የተሻለውን ከኋላ ማድረግን ነው። ጎማውን በየጊዜው የፊቱን ወደ ኋላ እያዛወረ እኩል ያስጨረሰ ሰው ግን አራቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚቀይር ይህ ጥያቄ ከነአካቴው አይነሳበትም ብለው ጨረሱ። አሥራ አራተኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልጻፉም፤ ቢጽፉ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

አሥራ ስምንተኛው መልስ ጎማ ውስጥ ስለሚሞላው ንፋስ ነበር። ጸሐፊው ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጎማው ይነፋል፣ ስለዚህ ሽቅብ ከመጀመር በፊት ጥቂት ንፋስ ማስወጣት ይገባል አሉ። የመነሻ ሐሳባቸው ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አደገኛ ስለሆነ አሥራ ዘጠነኛው መልስ በቁጥር አረመው። ሸዋ ሮቢት ላይ በ30 ዲግሪ ሙቀት 30 ፒኤስአይ (ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ጎማ ጣርማበር ላይ ሲደርስ፣ የውጭው ግፊት 2.6 ፒኤስአይ ያህል ስለሚቀንስ በዚያ ልክ መጨመር ነበረበት። ነገር ግን ከላይ ያለው አየር 10 ዲግሪ ቢሆንና ጎማው እስከዚያ ቢቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኰማተር የሚጨምረውና የሚቀንሰው ሊተካከሉ ይቀርባሉ፤ ልኬቱም 30 አካባቢ ይቆያል። በጉዞ የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይም በዚያ ምክንያት ንፋስ ማስወጣት አይገባም፤ አምራቹ በበሩ ምሰሶ ላይ የጻፈው ልክ ለቀዘቀዘ ጎማ የታሰበ ነውና።

እኚሁ የአሥራ ዘጠነኛው መልስ ጸሐፊ ንፋስ መቀነስ በዝናብ ላይ የሚያስከትለውን ሲጨምሩበት ጉዳዩ ይበልጥ ከበደ። በመንገዱ ላይ የተኛው ውኃ ከጥርሱ ጥልቀት ሲበልጥ ጎማው መሬቱን ለቆ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሚጀምርበትን ፍጥነት ለመገመት የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ባወጣው ቀመር ከተሰላ፣ 32 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ ወደ 22 የወረደው ግን በ78 ይጀምራል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በላዩ ላይ ነዳጅም ያባክናል፤ ሰባተኛው ጸሐፊ ያሰሉትን ሲሶ ሊትር ያለ አንዳች ጥቅም መልሶ ይበላል። ውድ ጎማ ገዝቶ ንፋሱን ሳይለካ ለሚነዳ ሰው ይህን አንቀጽ ደጋግሞ እንዲያነብ አደራ እላለሁ።

ሃያኛው መልስ ስለ ጥርስ ጥልቀት አጭር ነገር ተናገረ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1.6 በታች መንዳት ክልክል ነው፤ ለዚህም በቦዮቹ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች ተሠርተዋል፣ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር ሲስተካከል ጎማው አልቋል። ለዝናብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን መቀየር ይበጃል። ሃያ አንደኛው ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በመንገዱ ላይ እየበዙ ስለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አነሱ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ የመሸከም ቁጥሩ ከፍ ያለ ጎማ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ጎማው በቀላሉ መሽከርከሩም በአንድ ሙሌት የሚሄዱትን ርቀት እንደሚወስን፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ባትሪውን እየሞላ ጎማውን እንደ ፍሬን ስለሚይዝ ሾፌሩ በአሥራ አንደኛው መልስ ስለ ማርሽ ያለው ማስጠንቀቂያ ለእነርሱም እንደሚሠራ ጠቅሰዋል። ራሱን የቻለ ውይይት የሚገባው ጉዳይ ነው።

በዚህ ጊዜ ውሳኔዬን አሳወቅሁ። በእርጥብ መንገድ ኤ፣ በነዳጅ ቁጠባ ቢ ያገኘ፣ በዚህ ዓመት የተመረተ፣ ልኩም የመሸከም ቁጥሩም ከመኪናዬ የሚስማማ ጎማ እገዛለሁ፤ እንዲህ ያለው ካልተገኘ በነዳጁ ወደ ሲ እወርዳለሁ እንጂ በዝናቡ ከቢ በታች አልወርድም። ሲሶ ሊትሩን በንፋስ ልኬትና በአነዳድ መመለስ ይቻላል፤ በኩርባ ላይ የጎደለውን አሥራ ሁለት ሜትር ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም።

ሃያ ሁለተኛውን ያ የዶልፊን ሾፌር ጻፈው። የእርሱ ጎማ 195 አር 15 ሲ፣ 106/104 የሚል ስለሆነ በሦስተኛው መልስ የተሰጡት ቁጥሮች ለእርሱ ይሠሩ እንደሆነ ጠየቀ። የአስመጪዋ ሠራተኛ በሃያ ሦስተኛው መልስ ወዲያው መለሰችለት፤ ሲ የሚለው ምልክት ጎማው ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ የተሠራ መሆኑን ያሳያል፣ 106 በነጠላ ሲገጠም 950 ኪሎ ግራም፣ 104 ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ለእያንዳንዱ 900 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጎማ የፊደሎቹ ወሰን ሌላ ስለሆነ የእርሱን ቢ ከያሪስ ቢ ጋር እንዳያወዳድር፣ ከዚያው መደብ ካሉት ጋር ብቻ እንዲያነጻጽር፣ ሲገዛም መጀመሪያ በእርጥብ መንገድ ያገኙትን ፊደል አይቶ እኩል ከሆኑት መካከል በነዳጅ የተሻለውን እንዲመርጥ ነገረችው። እርሱም አመስግኖ፣ የፊቱና የኋላው ንፋስ ሰው ሲሞላና ባዶ ሲሆን ስንት መሆን እንዳለበት ጠየቀ፤ ጎሚስታው በሃያ አራተኛው መልስ ሁለቱም ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ወረቀት እንደሚገኝ፣ ወረቀቱ ተልጦ ከሆነም መኪናውን ማለዳ ሳይሞቅ ይዞ ቢመጣ አብረው እንደሚያስተካክሉት ጽፈውለታል።